የራስ ቅል፣ የአንጎል ፈሳሽና አምስት ግራም፡ ክራኒዮሳክራል ሕክምና በአናቶሚና በፊዚክስ ሚዛን

በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች ክራኒዮሳክራል ቴራፒ በሚል ስያሜ የሚታወቅ የእጅ ሕክምና አለ። ታካሚው ልብሱን ሳያወልቅ በጀርባው ይንጋለላል፤ ባለሙያው ከራስጌው ተቀምጦ ጣቶቹን በታካሚው ራስ ላይ፣ ጥቂት ቆይቶም ከወገቡ ግርጌ በስሱ ያሳርፋል። እንደ ወጌሻ ማሸት የለም፤ መሳብና መጫንም የለም። እንዲያውም የጣቶቹ ጫና ከአምስት ግራም፣ ማለትም ኒኬል ከምትባለው የአሜሪካ ባለ አምስት ሳንቲም ክብደት እንዳይበልጥ ይመከራል። የሕክምናው አራማጆች እንደሚሉት ባለሙያው በዚህ ጊዜ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የከበበውን ፈሳሽ ምት በጣቶቹ ያዳምጣል፤ ምቱ የተዛባ ሆኖ ካገኘውም የራስ ቅል አጥንቶችንና ከእነርሱ ጋር የተያያዙትን ሽፋኖች በማላላት ያስተካክለዋል። በዚህም ራስ ምታት፣ የአንገት ሕመም፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የሕፃናት የማያባራ ለቅሶ ሳይቀር ይድናል ይባላል።

የሕክምናው ስም ራሱ የአናቶሚ ትምህርት ነው። ክራኒየም የራስ ቅል ነው፤ ሳክረም ደግሞ በአከርካሪው ግርጌ፣ በሁለቱ የዳሌ አጥንቶች መካከል እንደ ሽብልቅ የገባው ባለ ሦስት ማዕዘን አጥንት ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽፋን አለ፤ በሽፋኑ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ ፈሳሹም ይንቀሳቀሳል። የአናቶሚ መጽሐፍ የሚገልጥ ተማሪ እነዚህን ሁሉ በየገጹ ያገኛቸዋል፤ ያን ጊዜም ሕክምናው በሳይንስ የተደገፈ ይመስለዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን በክፍሎቹ መካከል አለ የተባለውን የሥራ ግንኙነት ነው። የሰንሰለት ቀለበቶች ሁሉ እውነተኛ ብረት ቢሆኑም እርስ በርሳቸው ካልተያያዙ ሸክም አያነሡም።

የሐሳቡ አመጣጥ

ነገሩ የሚጀምረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ነው። ዊሊያም ጋርነር ሰዘርላንድ (1873-1954 እ.ኤ.አ.) በኪርክስቪል ከተማ በሚገኘው የኦስትዮፓቲ ትምህርት ቤት ሲማር፣ አጥንቶቹ ተነጣጥለው ለትምህርት የቀረቡ የራስ ቅል ተመለከተ። በጆሮ ግንድ በኩል ያለው አጥንት ጠርዝ እንደ ዓሣ ስንጥብ አጋድሞ የተቆረጠ መሆኑን አስተዋለ፤ እንዲህ ያለ ጠርዝ ለእንቅስቃሴ፣ ያውም ለአንድ ዓይነት ትንፋሽ የተሠራ መሆን አለበት ብሎም አሰበ። ለዓመታት በገዛ ራሱ ላይ የቆዳ ማሰሪያዎችን እያጠበቀ ሞከረ። በ1939 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን በመጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ አመለካከት አንጎል በዝግታ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፤ ፈሳሹ ይዋልላል፤ ሽፋኖቹ ይሳባሉ፤ የራስ ቅል አጥንቶችና ሳክረምም ይህን ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከቅርጽ ተነሥቶ ሥራን መገመት በሥነ ሕይወት የተለመደና ብዙ ጊዜም የሚሳካ ዘዴ ነው። ሆኖም አጋድሞ የተቆረጠ ጠርዝ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው። አናጢ ሁለት ሳንቃ አጥብቆ ለማጋጠም ሲፈልግ ጠርዞቹን አጋድሞ ይቆርጣል፤ የሚገናኘው ገጽ ስለሚሰፋ መጋጠሚያው ይጠነክራል። ያው ቅርጽ ለመንቀሳቀስም፣ ላለመንቀሳቀስም ሊያገለግል ይችላል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመለካት ብቻ ነው።

ሕክምናው ዛሬ የሚታወቅበትን ስምና መልክ ያገኘው በሌላ አሜሪካዊ ኦስትዮፓት፣ በጆን አፕሌጀር (1932-2012 እ.ኤ.አ.) ነው። አፕሌጀር በ1970ዎቹ መባቻ በአንድ የአንገት ቀዶ ሕክምና ላይ ረዳት ሆኖ ሳለ፣ የኅብለ ሰረሰሩን ሽፋን አጥብቆ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ ለማድረግ እንዳልቻለና ሽፋኑ ከትንፋሽም ከልብ ምትም የተለየ ዝግ ያለ ምት እንደነበረው ተናግሯል። ከ1975 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ፣ በ1985 በፍሎሪዳ የራሱን ማሠልጠኛ ተቋም መሠረተ። ለምቱም በደቂቃ ከ6 እስከ 12 የሚደርስ ድግግሞሽ ሰጠው።

በቅሉ ውስጥና በቅሉ ዙሪያ

አማርኛ የራስን አጥንት ቅል ብሎ የሰየመው ከቅርጹ ነው፤ የእርሻው ቅል ግን አንድ ወጥ ልጥ ሲሆን የራስ ቅል ከ22 አጥንቶች የተገጣጠመ ነው። ስምንቱ አንጎልን ይከባሉ፤ አሥራ አራቱ ፊትን ይሠራሉ። ከመንጋጋ በስተቀር ሁሉም የተያያዙት ሱቸር በሚባሉ ስፌት መሰል መጋጠሚያዎች ሲሆን፣ የአንዱ አጥንት ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ከሌላው ጋር ይቆላለፋል።

በሕፃን ራስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። አጥንቶቹ ገና አልተገናኙም፤ በግንባር በኩል በመካከላቸው ለስላሳ ስፍራ ይቀራል። እናቶቻችን እርግብግቢት ይሉታል፤ ቃሉ እንደሚመሰክረው ስፍራው ይርገበገባል። የሚርገበገበውም ከልብ ምት ጋር ነው፤ የሕፃኑን የደም ሥር በአንድ እጅ፣ እርግብግቢቱን በሌላው በቀስታ የዳሰሰ ሰው ሁለቱ አብረው እንደሚመቱ ያረጋግጣል። እርግብግቢት በአብዛኛው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ፣ አልፎ አልፎም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ይዘጋል። የራስ ቅልን ወለል የሚሠሩት ሁለት አጥንቶች፣ ሰዘርላንድ የእንቅስቃሴው ማጠፊያ ያደረጋቸው እነርሱው፣ በጉርምስና ዘመን መጨረሻ ገደማ ፈጽመው አንድ አጥንት ይሆናሉ። ማጠፊያ የተባለው መጋጠሚያ በአዋቂ ሰው ዘንድ የለም ማለት ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ የሕክምናው ተቃዋሚዎችም አንዳንድ ጊዜ ያጋንናሉ። የአዋቂ ሰው የራስ ቅል እንደ ሲሚንቶ የደረቀ ነው ማለት ትክክል አይደለም። የላይኛዎቹ ስፌቶች የሚዘጉበት ዕድሜ ከሰው ሰው እጅግ ይለያያል፤ በአንዳንዱ እስከ እርጅና ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ተያያዥ ሕብረ ሕዋስም ስናኝክና ስንመታ የሚመጣውን ጫና በጥቂቱ ያበርዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም?» ሳይሆን «በምን ያህል ኃይል ምን ያህል?» የሚል መሆን አለበት።

ከአጥንቱ በታች አንጎልን ሦስት ሽፋኖች ይከቡታል። የውጭው ወፍራምና ጠንካራ ሲሆን ዱራ ማተር ይባላል። ይህ ሽፋን በራስ ቅል ግርጌ ባለው ትልቅ ቀዳዳ ዙሪያ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ፣ ኅብለ ሰረሰርን እንደ ከረጢት እየከበበ ወርዶ በሁለተኛው የሳክረም ክፍል ደረጃ ያበቃል። የክራኒዮሳክራል አስተማሪዎች ራስንና ሳክረምን አንድ ገመድ ያገናኛቸዋል የሚሉት ይህን ይዘው ነው። በመካከሉ ግን ከረጢቱ በአከርካሪው ቦይ ውስጥ በስብና በደም ሥሮች ተከቦ በልቅነት የሚኖር በመሆኑ፣ እንደተወጠረ ገመድ ከላይ የተነካውን ወደ ታች አያደርስም። ጫማ ለማሰር ጎንበስ ስንል የአከርካሪው ቦይ በበርካታ ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሽፋኑም ይህን ያለ ችግር ይቀበላል።

ከሽፋኖቹ መካከል ያለውን ፈሳሽ የሀገራችን ሰው በደንብ ያውቀዋል። ማጅራት ገትር የተጠረጠረ ሰው በሐኪም ቤት ከጀርባው የሚቀዳለት ውኃ እርሱ ነው። መጠኑ በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይመነጫል፤ ያንኑ ያህልም ወደ ደም ይመለሳል።

አምስት ግራም ምን ያንቀሳቅሳል?

አምስት ግራም የሚያሳርፈው ኃይል 0.05 ኒውተን ነው። አራት የጣት ጫፎች በድምሩ አራት ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢነኩ፣ በቆዳው ላይ የሚፈጠረው ግፊት 125 ፓስካል፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ጥቂት ያነሰ ይሆናል። በተኛ አዋቂ ሰው ራስ ውስጥ ያለው ግፊት ከ7 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ሰውየው ከተኛበት ሲነሣ ይህ ግፊት ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ከዚያም በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሲያስል ደግሞ በቅጽበት በብዙ እጥፍ ያሻቅባል። ባለሙያው በጣቱ የሚያመጣው፣ ይህም ሁሉ ሳይቀነስ በአጥንቱ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል ብንል እንኳ፣ ታካሚው ከአልጋው ሲወርድ ከሚያመጣው ለውጥ እጅግ ያነሰ ነው።

አጥንቱን ራሱን እንመልከት። የራስ ቅልን ራዲየሱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ክብ ዛጎል፣ የአጥንቱንም የግትርነት መለኪያ 5 ቢሊዮን ፓስካል አድርገን እንውሰድ። እንዲህ ያለ ዛጎል በአንድ ነጥብ ሲጫን የሚጎደጉደው መጠን ከኃይሉና ከራዲየሱ ጋር በቀጥታ፣ ከግትርነቱና ከውፍረቱ ካሬ ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ የተያያዘ ነው። ስሌቱን ለሠራው የሚወጣው ውጤት 10 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። የሰው ጠጉር 70 ሺህ ናኖ ሜትር ያህል ይወፍራልና፣ ያገኘነው የጠጉር ውፍረት አንድ ሰባት ሺህኛ ነው። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ ስፌቶቹንም ዘንግቷል። ስፌቶቹ ልል ናቸው ብለን ውጤቱን መቶ ጊዜ ብናባዛው እንኳ አንድ ማይክሮ ሜትር አይዘልም። ጣቱና አጥንቱ መካከል ደግሞ በርካታ ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ ለስላሳና ደም የሞላበት የራስ ቆዳ አለ።

ስሌት የማይወድ አንባቢ ትራሱን ያስብ። የአዋቂ ሰው ራስ ከአራት እስከ አምስት ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የኋለኛው የራስ ቅል አጥንት ሌሊቱን ሙሉ ከአምስት ግራም አንድ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ጫና ተሸክሞ ያድራል። ቆሎ ስንቆረጥም የሚሠራው ጡንቻ መነሻው የራስ ቅል ጎን ነው፤ ጣታችንን በጆሮ ግንዳችን ላይ አድርገን ብናላምጥ ሲወጠር ይሰማናል። መንጋጋ ሲነክስ የሚፈጠረው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ኒውተን ነው፤ 500 ኒውተን ብንል ከአምስቱ ግራም አሥር ሺህ እጥፍ ነው። የራስ ቅላችን በአምስት ግራም የሚስተካከል ቢሆን ኖሮ በአንድ እፍኝ ቆሎ ይበታተን ነበር።

ነገሩ በስሌት ብቻ አልቀረም። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 13 አዋቂ ጥንቸሎችን አደንዝዘው፣ በራስ ቅላቸው ላይ በግንባር በኩል ባለው ስፌት ግራና ቀኝ ትናንሽ ብረቶች ተክለው፣ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ግራም ኃይል ሳቡ፤ በኤክስሬይም ለኩ። ስፌቱ አልተከፈተም፤ በራስ ውስጥ ያለው ግፊትም አልተለወጠም። ከጥንቸሎቹ በአንዷ ላይ ኃይሉን እያሳደጉ ሲሄዱ መጀመሪያ እንቅስቃሴ የታየው በ500 ግራም ሲሆን፣ ክፍተቱ 0.30 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ግፊቱ ያን ጊዜም ባለበት ቆመ። የጥንቸል ራስ ቅል ከሰው ይልቅ ስስና ትንሽ መሆኑን ልብ ይሏል።

ፈሳሹና ምቱ

አፕሌጀር ለምቱ የሰጠው ማብራሪያ እንዲህ ነው፤ ፈሳሹ ለጥቂት ሰከንዶች በፍጥነት ይመነጫል፤ የራስ ቅሉ ሲሞላ ስፌቶቹ ይለጠጡና ምንጩ እንዲቆም ምልክት ይሰጣሉ፤ ፈሳሹ ሲጎድል እንደገና ይመነጫል። ሐሳቡ ለመሐንዲስ ጆሮ ጥሩ ነው፤ እንደ ውኃ ጋን ተንሳፋፊ ያለ መቆጣጠሪያ ነው። ቁጥሮቹን ስናስገባ ግን ይፈርሳል። በቀን 500 ሚሊ ሊትር ማለት በደቂቃ 0.35 ሚሊ ሊትር ነው። ምቱ በደቂቃ አሥር ጊዜ ከሆነ በአንድ ምት የሚመነጨው 0.035 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ አንዲት የውኃ ጠብታ እንኳ አትሞላም። በአንጻሩ ልብ በመታ ቁጥር ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ከራስ ቅል ወደ አንገት ይወርድና ይመለሳል፤ ይህም በኤም አር አይ መሣሪያ በቀጥታ ይለካል። ከአሥር እጥፍ በላይ የሚበልጠው የልብ ግፊት አጥንቱን ከፍቶ ሳያሰፋው፣ ከጠብታ ያነሰችው ምንጭ ትለጥጠዋለች ማለት አስቸጋሪ ነው። ልብ የሚያመጣው ለውጥ አጥንቱን የማያስጨንቀውም ምክንያቱ ከታወቀ ቆይቷል፤ የስኮትላንድ ሐኪሞች ሞንሮ በ1783፣ ኬሊም በ1824 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የራስ ቅል ይዘት ቋሚ በመሆኑ ደም ሲገባ ፈሳሽ ወይም ሌላ ደም ቦታ ይለቃል።

በዚህ ዘርፍ አዲስ ነገር አለመኖሩን እየተናገርን አይደለም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ ዘልቆ ቆሻሻ እንደሚያጥብ የሚያመለክቱ ጥናቶች ወጥተዋል፤ በ2019 ደግሞ በቦስተን የተሠራ ጥናት ሰው በከባድ እንቅልፍ ላይ ሳለ በየ20 ሰከንዱ ገደማ ትላልቅ የፈሳሽ ማዕበሎች እንደሚነሡ አሳይቷል። የክራኒዮሳክራል ወዳጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ነገር ግን እነዚህ ማዕበሎች የሚነሡት በአንጎል ውስጥ ያለው ደም ሲቀንስና ሲጨምር ነው፤ የአጥንት መንቀሳቀስ የለበትም፤ ድግግሞሹም ከተባለው አይገጥምም።

ጣቶች የሚሰሙት

አንድ መለኪያ ምንም ያህል ረቂቅ ቢሆን፣ ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር ለክተው ተቀራራቢ ቁጥር ማግኘት አለባቸው። በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት ሦስት ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎች የ12 ሰዎችን ምት ቆጠሩ። ፍጹም ስምምነት 1፣ ስምምነት አልባነት ደግሞ ዜሮ በሚሆንበት መለኪያ ያገኙት ውጤት -0.02 ነበር። በ1998 ሌሎች ተመራማሪዎች ይበልጥ ብልህ የሆነ ሙከራ አደረጉ፤ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ሰው በአንድ ጊዜ፣ አንዱ በራሱ ሌላው በእግሩ በኩል ዳሰሱት። ምቱ በመላው አካል አንድ ነው ይባላልና ቁጥሮቹ መግጠም ነበረባቸው፤ አልገጠሙም።

ታዲያ ባለሙያዎቹ ይዋሻሉን? እኛ እንደዚያ አናምንም። የሆነ ነገር ይሰማቸዋል። የደም ግፊት በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ በዝግታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ይህ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ሲሆን የማየር ማዕበል ይባላል። የራስ ቆዳ በደም የበለጸገ ስለሆነ ይህ ማዕበል እዚያ ሊዳሰስ ይችል ይሆናል። ሁለተኛ፣ ተመሳሳይ ማዕበል በዳሳሹ ጣቶች ውስጥም አለ። ሦስተኛ፣ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። አንድ ሰው ምት አለ ተብሎ ተነግሮት ለደቂቃዎች ጣቱን ቢያሳርፍ፣ ከእነዚህ ሁሉ ድብልቅ አንድ ምት አለማግኘቱ ነው የሚያስገርመው።

ታካሚው ተሻለኝ ሲል

በ2016 እ.ኤ.አ. በጀርመን በ54 የአንገት ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ሙከራ ሕክምናውን ያገኙት ማስመሰያ ንክኪ ካገኙት ይልቅ ሕመማቸው እንደቀነሰ አመልክቷል። በ2024 የታተመና በርካታ ሙከራዎችን ያጠቃለለ ክለሳ ደግሞ በየትኛውም ሕመም ላይ ጥቅም አላገኘም። ጸጥ ባለ ክፍል አንድ ሰዓት ያህል መጋደም፣ በእርጋታ መዳሰስና መደመጥ የተወጠረን ሰው ያሳርፋል፤ ይህን ለማመን የራስ ቅል አጥንት ይንቀሳቀሳል ማለት አያስፈልግም። እፎይታው እውነት ሆኖ ማብራሪያው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

ሕፃን ሲሆን ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሕፃን ተሻለኝ አይልም፤ ለቅሶውም አብዛኛውን ጊዜ በሦስትና በአራት ወሩ በራሱ ጋብ ስለሚል፣ በመካከሉ የተደረገው ማንኛውም ነገር ፈዋሽ ይመስላል። አስጊው ለቅሶው ሌላ ነገር ሲያመለክት ነው። ትኩሳት ባለው ሕፃን ላይ ያበጠና የተወጠረ እርግብግቢት የማጅራት ገትር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን እርግብግቢት መጎድጎድ ፈሳሽ ማለቁን ያመለክታል፤ ራሱ ከዕድሜው በላይ በፍጥነት የሚያድግ ከሆነ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ሰዓታትና ቀናት ዋጋ አላቸው። በማጅራት ገትር ወረርሽኝ ቀበቶ ውስጥ በምትገኝ ሀገር እርግብግቢቱ ያበጠን ሕፃን በጣት ለማስተካከል ሲባል የሚባክን ጊዜ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ ጣቱ የወጌሻም ይሁን ከውጭ ሠልጥኖ የመጣ ባለሙያ።

በክፍል የሚሠራ ሙከራ

የሚከተለው ሙከራ ሦስት ተማሪዎች፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደረቅ ቅል ይፈልጋል። አንዱ ተማሪ ይጋደም። ሁለቱ ተራ በተራ ጣቶቻቸውን በራሱ ላይ በስሱ አሳርፈው ዝግ ያለ ምት ይፈልጉ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቆጠሩትን ሳይነጋገሩ በወረቀት ይጻፉ። ቀጥሎ ያንኑ በውኃ በተሞላው ቅል ላይ ያድርጉ። ልኬቱን አምስት አምስት ጊዜ ደግመው፣ የሁለቱን ቁጥሮች ልዩነት በራሱም በቅሉም ላይ በሠንጠረዥ ያስቀምጡ። ዳሳሹ ከመጀመሩ በፊት ደረጃ በደረጃ ሮጦ ወጥቶ ቢመጣ የቅሉ «ምት» ይለወጥ እንደሆነም ይመልከቱ።